በፔርሙዝ የተለወጠ ጃኬት

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ባልሽ ፓይለት ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ባል የለኝም። ጓዳው ግድግዳ ላይ በእንጨት መስቀያ የተሰለፉት ዘጠኝ የአብራሪ ቆዳ ጃኬቶች የኔው ናቸው። አንዳቸውም በልኬ አይደሉም፤ አንዱንም ለብሼ ደጅ ወጥቼ አላውቅም። የግቢያችን ሴቶች «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ጦር ታዘምታለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። መርካቶ ውስጥ ቆዳ ጃኬት እየጠገንኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ ከዚህ የባሰም ተብያለሁ። ዘጠኙን የሰበሰብኩት አሥረኛውን ስፈልግ ነው። አሥረኛው የአባቴ ነበር።

ሰው «ቆዳ አያረጅም» ይላል። ያረጃል እንጂ! እንደ ጨርቅ ግን አያረጅም። ጨርቅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጥሏችሁ ይሄዳል። ደህና የፍየል ቆዳ ግን የለበሰውን ሰው ይይዛል። መጀመሪያ ክርኑ ላይ ይሸበሸባል፣ ቀጥሎ ትከሻው በፀሐይ ይነጣል፣ ኮሌታው በአንገት ወዝ ይጠቁራል፣ ኪሱ የባለቤቱን ጭብጥ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ግራኝ የለበሰው ከሆነ አይቼ እነግራችኋለሁ። ቡናማው ሲቆይ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቀድሞ የሚሞተው የእጅጌው ጫፍና የወገቡ ሹራብ ነው፣ ብል ይበላዋል። ገበሩ ብብት ሥር ይተረተራል። የበግ ቆዳ ከሆነ ደግሞ አትመኑት፣ እንደ ድንች ይላጣል። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጃኬት ማጅራቱ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ ያ ጉብታ መቼም አይመለስም። ፀሐይ ላይ ያሰጡት ቁርበት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አንጥፎ በጨርቅ ጉሎ ዘይት እየቀባ፣ «ቆዳ ሲጠማው ይናገራል» ይለኝ ነበር።

አባቴ አብራሪ አልነበረም። ደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራጉኤል ጀርባ ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ጃኬቱን የሰጠው አንድ አብራሪ ነው። አባቴ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ያስነሳለትን ሞተር ይዞ በሮ በሰላም ሲወርድ፣ እዚያው ቆሞ ከላዩ አወለቀና «ያንተ ነው፣ ዛሬ ያበረርከው አንተ ነህ» አለው።

ጃኬቱ የውስጥ ኪስ አልነበረውም። እሱን የሰፋችለት እናቴ ናት። ከዱቄት ከረጢት ጨርቅ ነው የሠራችው፣ ሰማያዊው ፊደል ግማሽ ግማሹ ይታይበታል፤ ትንሿ ካቻቢቴው እንድትገባበት ረዘም ጠበብ አድርጋ በግራ በኩል ልቡ ላይ ሰፋችው። የካቻቢቴዋ ጫፍ የኪሱን ሥር በሳችው። እናቴ ደፈነችው። እንደገና ተበሳ፣ እንደገና ደፈነችው። «አንተ ሰውዬ፣ የምትይዘው ካቻቢቴ ነው ወይስ ጦር?» ትለው ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ሞተች። የመጨረሻው ቀዳዳ ሳይደፈን ቀረ።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት የተለወጠ ሰሞን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ አባቴ ይኑር ይሙት የሚነግረኝ የለም። ሰፈሩ በወሬ ታምሷል። አንዲት ጎረቤታችን በአጥር በኩል «የወታደር ዕቃ የተገኘበት ቤት ጉድ ይፈላበታል አሉ» አለችኝ፤ እሷም ከሰማችው ነው። የአባቴን የሥራ ልብስ ቆራርጬ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠልኩት። ቆዳ ግን እንዲህ በዋዛ አይቃጠልም፤ ቢቃጠልም ሽታው ሰፈር ይጠራል። ጃኬቱን አልጋ ሥር ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት፣ አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ በምትኩ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ድስት የሚሰጥ ዟሪ ነጋዴ ነው። ጠራሁት። ጃኬቱን አገላብጦ ሲያይ ዓይኑ በራ፤ እኔ እንኳን ልከራከረው፣ ይዞልኝ ቶሎ በጠፋ ብቻ ነው የምለው። ቀይ አበባ ያለበት ፔርሙዝ አስታቅፎኝ ሄደ።

የእናቴ ኪስ ትዝ ያለኝ ድምፁ ከራቀ በኋላ ነው። በነጠላ ጫማ እስከ ሲኒማ ራስ ሮጥኩ። የቱን ልዋጭ፣ የቱን ጆንያ ልያዝ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመውንም አጣሁ። ደግሞ በራችንን ያንኳኳ ፈታሽ የለም። ማንም አልመጣም።

አባቴ ነሐሴ ላይ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ የለበሰው ሹራብ የማን እንደሆነ እንጃ። ዝናብ ነበር። አቀፍኩት፣ አለቀስኩ፣ እግሩን አጠብኩት፣ ይሙቀው ብዬ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ «ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ እስቲ ጃኬቴን አምጪልኝ» አለ። «ሌባ ወሰደው» አልኩት። እንዲያ ልል አስቤም አላውቅ፣ ከአፌ ወጣ። አባቴ ብርጭቆውን ትክ ብሎ አየው። «የእናትሽ ኪስ ነበረበት» አለ። ከዚያ «በይ ይልበሰው፣ ብርድ ቢብስበት ነው» አለ። ከሻዩ አንዴ ፉት አለና አስቀመጠው። «ቡሽ ቡሽ ይለኛል» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለዓመታት አባቴ ከፔርሙዝ ሻይ አልጠጣም። ለእሱ ሁልጊዜ አዲስ አፍልቼ ነበር የምሰጠው። የጃኬቱንም ነገር አንድ ቀን አላነሳብኝም። ምነው በጮኸብኝ! ምነው በሰደበኝ! ሰው አጥፍቶ ሳይሰደብ ሲቀር እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሆዴን በሆዴ ይዤ ፍለጋ ጀመርኩ። በልዋጭ የሄደ ልብስ መጨረሻው መርካቶ ነው፤ እንደ ጎርፍ ሁሉም እዚያ ይወርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ልብስ የሚሸጥበትን መደብ ሁሉ እየዞርኩ ቡናማ ጃኬት ሳይ ግራውን እገልጥና እጄን እከታለሁ። ኪስ የለም። እንደገና ወደሚቀጥለው። ሻጮቹ ለመዱኝና «የጃኬቷ እብድ መጣች» ይሉኝ ጀመር። አንዱ «ዝም ብለሽ ከምታገላብጪ ገበሩን ስፊልኝ» አለኝ፣ ሰፋሁለት። ሌላውም አመጣ። ዓመት ሳይሞላ ሶማሌ ተራ ጠርዝ ላይ፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ተክዬ ተቀመጥኩ። እንጀራዬ ይኸው ሆኖ ቀረ።

የበረንዳው ባለቤት አሮጌ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ስልጤ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ቦንዳ ሲፈታ የቆዳ ጃኬት ከወጣ ለማንም ሳያሳዩ ይጠሩኛል።

«ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ጃኬት እንደምትፈልጊው ባል ብትፈልጊ ይሄኔ ሦስት ወልደሽ ነበር» ይሉኛል።

«ሐጂ፣ ባልም እኮ ጥገና ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል።»

ምን እንደምፈልግ ነግሬያቸው አላውቅም። የምሰበስብ ነው የሚመስላቸው፤ ውሎ አድሮ ለእኔም መሰለኝ። የአባቴ አለመሆኑን እያወቅሁ ትቼው መሄድ የሚያቅተኝ ጃኬት ያጋጥመኛል። አንዱ የግራ ክርኑ ብቻ የነጣ ነው፤ ባለቤቱ ስንት ዓመት መስኮት ላይ ክርኑን አስደግፎ ነዳ እላለሁ። አንዱ ኮሌታው ውስጥ የሴት ሹራብ ክር ተሰክቶበታል። አንዱ ውስጡ የበግ ፀጉር ነው፣ ከባድ፤ ሲለብሱት የተኛ ልጅ ያዘሉ ይመስላል። እነዚህም የሰው አባቶች ነበሩ፣ እነሱንም የሚፈልግ ይኖር ይሆናል እያልኩ ወደ ቤት ይዣቸው እሄድ ነበር።

አዲስ ጃኬት ይዤ በገባሁ ቁጥር አባቴ የሚያደርገው ነገር አለ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ከተቀጠረበት ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በር ላይ ባለችው ወንበር ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ። ይቀበለኝና ያሸተዋል፣ ትከሻውን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። «ይኼ ጠምቶታል» ይላል፣ ወይም «ይኼን ደህና ሰው ነው የያዘው» ይላል። ከዚያ ደረቱን ገልጦ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ በግራው በኩል ወደ ውስጥ ይሰዳል። ያወጣዋል። ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ዘጠኙንም ጊዜ ፊቴን አዙሬ ጓዳ ገብቻለሁ። መስከረም ላይ ሁለታችን ጃኬቶቹን አውርደን ጉሎ ዘይት እንቀባለን፤ እሱ ትከሻ ትከሻውን፣ እኔ እጅጌ እጅጌውን። ስለ ስንቱ እናወራለን፣ ስለ አንዱ ግን ትንፍሽ አንልም። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ ፍለጋው እንደ እሳት ያንገበግበኝ ጀመር። ሳላገኘው ከሞተ ውሸቴን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው፣ ሐጂ አንድ ጥቁር ጃኬት ወረወሩልኝ። ወገቡ ላይ ሹራብ የለውም፣ ዚፑ ተነቅሏል፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ አዲስ ገበር ተሰፍቶበታል።

«ይኼ አይድንም። ለዕቃ ውሰጂው» አሉኝ።

ለዕቃ ማለት ለመለዋወጫ ነው፤ ቆራርጠሽ ሌላውን ጠግኚበት ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ ሁልጊዜ ይፈለጋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መርካቶ ውስጥ ያለ አሮጌ ጥቁር ጃኬት አብዛኛው ጥቁር ሆኖ አልተወለደም። ቡናማ አይሄድም ተብሎ ቀለም የተቀባ ነው፤ በጥፍር ኮሌታው ሥር ሲፋቅ ልጅነቱ ብቅ ይላል። ይህን እኔ ለስንቱ አስተምሬያለሁ! ለራሴ የምይዘውን ሁሉ እፍቃለሁ። ለዕቃ የመጣ ግን ማን ይፍቃል? ለዕቃ የመጣ አይፋቅም፣ ውስጡም አይታይም፤ መቀስ ነው የሚነሳለት። እኔም መቀሴን አነሳሁ።

ኮሌታውን ለራሴ አምስተኛ ጃኬት አደረግሁት። ቀኝ እጅጌው ሲኒማ ራስ ለሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር የክርን መጣፊያ ሆነ። ግራ እጅጌውን ሙዚቀኛ ነኝ ለሚል አንድ ጎረምሳ ጃኬቱ ላይ ገጠምኩለት፤ ቄንጡ ልክ አልነበረውም። ደረቱን ከገበሩ ለይቼ ለእጅ ቦርሳ ጠርዝና ለቀበቶ ቆራረጥኩት። ምን ያለ ቆዳ ነው አልኩ ስቆርጠው፤ መቀሱን እንቢ ይለዋል። በሦስት አራት ወር ውስጥ የቀረኝ ጀርባውና እሱ ላይ የተንጠለጠለው ገበር ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ የጀርባ ቆዳ የሚፈልግ ደንበኛ መጣና የሚያብረቀርቀውን ገበር ተረተርኩት። ከሥሩ ሌላ አሮጌ ገበር አለ፤ የመጨረሻው ሰው ሳያወልቅ ነው ከላይ የደረበበት። እሱን ሳነሳ እጄ ወፈር ያለ ነገር ነካ። በግራ በኩል። የዱቄት ከረጢት ጨርቅ። ሰማያዊ ፊደል፣ ግማሽ ግማሹ።

ወይ ነዶ! ጩኸቴ በረንዳውን ሞላው። ሐጂ መርፌ የወጋኝ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። የዚያን ቀን ነገርኳቸው፣ ሁሉንም፣ ልዋጩንም ፔርሙዙንም። ሲቀልዱብኝ የኖሩ ሰውዬ ኮፊያቸውን አወለቁና አጠገቤ ተቀመጡ። «ሳትፍቂው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሳልፍቀው» አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የፈለግሁትን፣ እጄ ላይ ሲወድቅ በገዛ መቀሴ ቆራረጥኩት። ማንን ልውቀስ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአባቴ አልነገርኩትም። መጀመሪያ እጅጌዎቹን መልሼ እገጥማለሁ ብዬ ሲኒማ ራስ ሚኒባስ መጫኛው ላይ እየቆምኩ የሹፌሮችን ክርን ሳይ ከረምኩ። ሰው ምን ይለኛል ማለትም ቀረ። ሹፌሩ መስመር ቀይሯል አሉኝ። ጎረምሳውን ያየ የለም። ቀበቶዎቹ ስንቱ ወገብ ላይ እንደታሰሩ እግዜር ይወቅ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጀርባውን ከነአሮጌው ገበሩ በጋዜጣ ጠቅልዬ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ያኔ ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ገለጠው፣ አሸተተው፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ጀርባ ነው» አለ። «የፍየል። ቀለም ቀብተውታል።» ከዚያ እንደ ልማዱ እጁን በግራ በኩል ሰደደው፤ እጁ ኪስ ውስጥ ገባ። ጣቱ ከሥሩ፣ ባልተደፈነው ቀዳዳ፣ ብቅ ሲል አየሁት። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በእናቴ ጊዜ እንኳ ደብቆኝ ነው ያለቀሰው።

«የቀረውስ?» አለኝ።

«ቆረጥኩት አባዬ። የአንተ መሆኑን አላወቅኩም። ለሰው ጃኬት መጠገኛ አደረግኩት።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገና ሳቀ። ጉድ እኮ ነው! «እኛም እንዲሁ ነበርን» አለ። «መለዋወጫ ሲጠፋ ከማይነሳው አውሮፕላን ፈትተን ለሚነሳው እንገጥማለን። ግን ሕግ ነበረው። የተፈታው ጎኑ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ምን እንደተወሰደበት፣ ወዴት እንደሄደ። አንቺ ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም።»

«አመል የለሽም። በይ ጠመኔሽን አምጪና ጻፊ።»

የልብስ ስፌት ጠመኔዬን አመጣሁ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ እኔ ጥቁሩ ቆዳ ላይ ጻፍኩ። ኮሌታ፣ አምስተኛው ጃኬት፣ ጓዳ። ቀኝ እጅጌ፣ ሹፌር፣ ሲኒማ ራስ። ግራ እጅጌ፣ ሙዚቀኛ ነኝ ባይ። ደረት፣ ቀበቶና ቦርሳ፣ የትም። አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ከላይ ደግሞ ጻፊ» አለኝ። «መጀመሪያ ከኛ ቤት ወዴት እንደሄደ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ሌባ ብዬ ልጽፍ እጄን አነሳሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የፈለግሁትን ነገር ይዤ እንኳ ልዋሽ ነበር።

«ልዋጭ» አልኩ። «ለልዋጭ ሰጠሁት አባዬ። ፈርቼ ነው። በፔርሙዝ ለወጥኩት።»

ከውጭ የራጉኤል ደጅ ልመና ይሰማል።

«ሌባ ጃኬት ወስዶ ፔርሙዝ ትቶ አይሄድም» አለ። «እሱን እንኳ የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ። ስሄድ ቤቱ ውስጥ ፔርሙዝ አልነበረም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። እኔማ በሳምንቱ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።»

ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፀጉሬን በዚያ ዘይት በጠጣ መዳፉ ሲያሻሽ፣ ሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቀዳዳውን ልደፍነው ብዬ መርፌና ክር ላነሳ ስል «ተይው» አለኝ።

«ያ ፔርሙዝ አለ?» አለ በመጨረሻ።

«አለ።»

«በይ ከእሱ ቅጂልኝ።»

የጠዋት ሻይ ነበር ያለበት፤ አዲስ ላፍላልህ አልኩት፣ አይሆንም አለ። ቀዳሁለት። የቀይ አበባው ቀለም ለቆ ሮዝ ሆኗል፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም፤ ሻዩ ለብ ብሏል። ፉት አለው።

«ቡሽ ቡሽ ይላል?» አልኩት።

«ይላል» አለ፣ ጠጥቶም ጨረሰው።